ውሃ ውስጥ ቆመው የተጠሙት

አክስቴ፣ ማሊዋን፣ እጄ የጋለ መሆኑን ለአጎቴ ስትነግረው እኔ ከቀጭኑ ግድግዳ ወዲያ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። አፌ አረፋ ስለሞላው መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ባይሞላም አልመልስም ነበር፣ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን እስከ መጨረሻው ካልሰማ ምኑን ሰማው። «ልጅቷ እዛ ክፍል መግባት ከጀመረች ወዲህ ነው ተክሎቹ የታመሙት» አለች አክስቴ። «ጠዋት ማታ ትነካካቸዋለች። እጇ የጋለ ነው፣ ናሮንግ። እናቷም እንደዛው ናት፣ ቃሪያ እንኳን በቅሎላት አያውቅም። ዛሬ በማታው ባቡር እናቷ ጋ ማሃቻይ ትሂድ፣ ሽሪምፕ ፋብሪካ ትግባ። ሽሪምፕ የሚላጠው ከሞተ በኋላ ነው፣ ብትነካው ምንም አይሆንም።»  ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ፤ አጎቴ «እሺ» አለ። እሺ ብቻ። ለአንድ ሳህን ሩዝ እንኳን ከዚህ የበለጠ ይከራከራል።

እኛ ዘንድ እጁ የቀዘቀዘ ሰው የመጥረጊያ እንጨት ቢተክል ያቆጠቁጣል፣ እጁ የጋለ ሰው ግን የነካው ሁሉ ይደርቃል ይባላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ይህ ስም አንዴ ከወጣላችሁ ጎረቤት ችግኝ አያቀብላችሁም፤ ባል ብታገቡ እንኳን ፀጉሩ መመለጥ ሲጀምር ሁሉም እናንተን ያያል። በዚያ ላይ የኔ የቤት ስም ፑይ ነው፣ ማዳበሪያ ማለት። ማዳበሪያ ተብላ ተጠርታ ተክል ገደልሽ ተብላ የምትባረር የመጀመሪያዋ ልጅ ሳልሆን አልቀርም። ትምህርቱን ትቼዋለሁ፣ ወይም እሱ ነው የተወኝ፣ አሁን ማን ማንን እንደተወ አላስታውስም። ማሃቻይ ሄጄ ዕድሜዬ ላይ በሐሰት ዓመት ተጨምሮ በረዶ ክፍል ውስጥ ሽሪምፕ ስልጥ መዋል አልፈልግም። የምፈልገው ያ ክፍል ውስጥ መሆን ነው። በቃ፣ ሌላ ምኞት የለኝም፤ ካለኝም ትንንሽ ነው።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታች፣ መንገዱ ዳር፣ አክስቴ ሩዝና ወጥ ትሸጣለች፤ በአንድ ወጥ አርባ ባት፣ በሁለት ሃምሳ፣ ሦስተኛ ካላችሁ ጭቅጭቅ። ደረጃውን ስትጀምሩ የሚጠበሰው ቃሪያ ያስነጥሳችኋል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቴሌቪዥኑ ለማንም ሲያወራ ትሰማላችሁ፤ አባባ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ ፊቱ ተቀምጠው መስኮቱን ነው የሚያዩት። ከዛ ሦስተኛው ላይ ወጥታችሁ በሩን ስትከፍቱ ከተማው ያልቃል። ሞተር ሳይክል የለም፣ ቃሪያ የለም፣ ሰኞና ማክሰኞ የለም። ግድግዳው ሁሉ ነጭ ነው፣ መብራቱ ጎህ ሲቀድ እንዳለው ሰማይ ወደ ሮዝ ይወስደዋል፣ ማራገቢያዎቹ በቀስታ ይዞራሉ፣ በየባልዲው ስር የአየር ቱቦው አረፋውን ይለቃል፤ ቡልቅ ቡልቅ፣ ሺህ ዓሣ በእንቅልፉ የሚያወራ ይመስላል። ጋንጃዎቹ አፈር አይተው አያውቁም። ግንዳቸው ባልዲው ክዳን ላይ ባለ ወንፊት ጽዋ ውስጥ ቆሟል፣ ሥራቸው ከታች ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ደመና ውስጥ እግሩን ያንጠለጠለ ደን መስሎኝ ነበር። ለአጎቴ ስነግረው «ደመናው ወር በመጣ ቁጥር የመብራት ሒሳብ አለው» አለኝ።

አሁን ደኑ ታሟል። ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ካልሲ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፣ የታችኞቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ጠርዛቸው ተቃጥሏል። የሚገርመው ነገር ውሃ ውስጥ ቆመው የተጠሙ ይመስላሉ። አጎቴ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ላሉት አብቃዮች ልኮ ነበር። አንዱ ማግኒዥየም አጥሮት ነው አለው፣ ጨመረ። ሌላው ብረት ነው አለው፣ ጨመረ። ሦስተኛው ካልሲየም አለ፣ እሱንም ጨመረ። የታመመ ሰው ሊጠይቁ መጥተው ብላ ብላ እያሉ እንደሚያስጨንቁ ዘመዶች ሆነባቸው። ድሮ እኔን ሲያስተምረኝ መጀመሪያ ሥሩን እይ፣ ቅጠል ዘግይቶ ነው የሚናገረው ይለኝ ነበር። ሰው ሲፈራ ግን ያስተማረውን ራሱ ይረሳል። እነዚህ ከሞቱ ምርታችንን የሚወስደው የባህል ሕክምና ክሊኒክ ከሌላ ሰው ይገዛል፣ ክፍሉም ይዘጋል፤ ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይለውም እንጂ ቤቱ ውስጥ ያሉት ወንበሮች እንኳን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ቀኑ እመለሳለሁ። አጎቴና አባባ አይነጋገሩም። ኩርፊያ አይደለም፣ ኩርፊያ ያልፋል። ጋንጃ በሚያሳስርበት ዘመን አጎቴ ከሙዙ ጀርባ ጥቂት እግር ደብቆ ተክሎ ነበር፤ ፖሊስ የጠሩት የገዛ አባቱ ናቸው። አጎቴ ታስሮ ወጣ፣ ሚስት አገባ፣ ሕጉ ተቀየረ፣ ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፣ አባባም አርጅተው እኛ ቤት ገቡ፤ ቃል ግን አልተመለሰም። እኔ ከመጣሁ ወዲህ በመካከላቸው ፖስታ ቤት ሆኛለሁ። «ፑይ፣ ለአባባ ሩዙ ቀርቧል በያቸው» ይላል አጎቴ፣ አባባ ክርናቸው ክርኑን እየነካው። «በልቻለሁ በይው» ይላሉ አባባ። እኔም በልተዋል እላለሁ። ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው።

ያን ቀን ጠዋት አጎቴ ክሊኒኩን ጊዜ ሊለምን ወጣ። ፊቴን ሳያይ «እስከ ማታ እመለሳለሁ» አለኝ፤ ሳያየኝ በመውጣቱ እንዳፈረ ገባኝ። አባባ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው የሎተስ እምቡጥ ይዘው መቅደስ ሄዱ፤ የመቅደስ ቀን ስለነበር። አክስቴ ወጧን እያማሰለች ነበር። እኔም ወደ ላይ ወጣሁና በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። የምሄድ ከሆነ ቢያንስ ምን እንደገደላቸው አውቄ ልሂድ ብዬ።

በሩ አጠገብ ያለችውን፣ ከሁሉም የባሰባትን መረጥኩ። ክዳኑን ከነተክሏ ብድግ አደረግኩት። ጤነኛ ሥር ምን እንደሚመስል ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ገበያ ላይ ቅጠል ተነጥፎለት እንደሚሸጠው የሩዝ ኑድል ነው፣ ነጭ፣ ንጹህ፣ ጭብጥ ጭብጥ ያለ። ይሄኛው ሻይ ውስጥ የከረመ ጨርቅ ይመስል ነበር። ቡናማ ነው፣ ያዳልጣል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ በበጋ ድልድይ ስር ያለው ቦይ ሸተተኝ። አንዷን ሥር በጣቶቼ ቆንጥጬ ሳብ ሳደርጋት ቆዳዋ እንደ ጓንት ወለቀና በእጄ ቀረ፣ ውስጧ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቆየ። ምግብ አላነሳቸውም። አፍ ነው ያጡት። እኛ ደግሞ አፍ ለሌለው ሰው ወጥ ስንጨምር ከረምን።

ከዛ ለምን እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ። አየር ቱቦው ይሠራል፣ አረፋው አለ። ክዳኖቹ ድፍን ናቸው፣ ብርሃን ወደ ውሃው አይገባም። ውሃው ትንሽ ለብ ብሏል፣ ግን ለብ ያለ ውሃ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ የሚበሰብስ ነገር ካላገኘ። እየከፈትኩ ሄድኩ። የሚገርመው፣ የበሩ ረድፍ ሁሉ ቡናማ ነበር፣ መካከለኛው ረድፍ ግማሽ በግማሽ፣ ከግድግዳው ጋር ያለው የሩቁ ረድፍ ግን ገና ነጭ ነው፣ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ወይቧል። በሽታው ከበሩ ነው የገባው። እግር ያለው በሽታ፣ ያውም ሩቅ መሄድ የማይችል እግር። ባልዲው ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ቢጫ ነገር ተለጥፎ አየሁ። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ የሻማ ሰም ነበር። ታች ባልዲው ወለል ላይ ደግሞ ቡናማ የሆነ ስስ ነገር ተኝቷል፤ በመዳፌ ስዘረጋው የጃስሚን አበባ ቅጠል ሆነ።

እዛው ቁጭ አልኩ። መብራቱ ሮዝ ነው፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ እኔም ሕፃን ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ እተኛበት የነበረው ክፍል ውስጥ እንደገና የተኛሁ መሰለኝ፤ የሆነ ሽማግሌ እጅ ግንባሬ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ፣ ውሃው ጃስሚንና ሻማ ሲሸት። መነኩሴው ጸሎት እያደረሰ የሻማውን ሰም ውሃው ላይ ያንጠባጥባል፣ አበባ ይነሰነስበታል፣ ጸበል ይሆናል። አባባ በየመቅደስ ቀኑ አንድ ጠርሙስ ይዘው ይመለሳሉ። ጠርሙሱ የት እንደሚገባ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃውን ወጥተው የሚደርሱት በሩ አጠገብ ካሉት ጋ ነው፤ ጥሩ ቀን ከሆነ መካከለኛው ረድፍ ድረስ። ሰው እንዳያያቸው እየጠበቁ፣ ለእያንዳንዷ ጥቂት ጥቂት፣ የልጃቸው ነገር እንዲሰምር። በመቅደሱ ማሰሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ፣ አበባው፣ ጣት የገባበት ሁሉ፤ ለሰው ግንባር በረከት ነው፣ ለእነዚህ ግን መርዝ ነው።

ብናገር እቀራለሁ። እጄ ንጹህ ይሆናል፣ ባቡሩም ያለ እኔ ይሄዳል። ግን አጎቴ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ያኔ በፖሊስ ነቀሉብኝ፣ አሁን ደግሞ በጸበል ነው የሚለው። በረከት ነው ብሎ አያምንም። በረከት ነው የሚሉት አባባ ደግሞ ለልጃቸው የሚናገሩበት አፍ የላቸውም፣ አፋቸው እኔ ነኝ።

ብቻ ተክሎቹ ማንም ምን ቢል እየሞቱ ነበርና ሥራ ጀመርኩ። የበሩን ረድፍ ውሃ ደፋሁ፣ ባልዲዎቹን በበረኪና ፈትጌ ሽታው እስኪጠፋ አለቀለቅኳቸው። ቁስል ላይ ሲፈስ የሚፈላውን የቁስል ማጠቢያ ከመድኃኒት ሳጥኑ አወጣሁና በንጹህ ውሃ አቅጥኜ ሥሮቹን በቀስታ አጠብኩበት፤ ነጭ አረፋ አወጡ፣ እንደሚያማቸው ሁሉ። ቅጠላቸው ሥር ከሌለው እንዳይቃጠል መብራቱን ወደ ላይ ሰቀልኩት። ከዛ በረዶ አስፈለገኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይሄ ብስባሽ አይፈነጭም፣ አየሩም ይበዛል። ወደ ታች ወርጄ የአክስቴን በረዶ በፕላስቲክ ቋጥሬ መጫን ጀመርኩ።

«የሻይ በረዶዬ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች አክስቴ ጭልፋዋን ይዛ።

«ሞቆኝ ነው።»

«ለዚህ ሁሉ? ዝሆን ሆንሽ እንዴ?» መቋጠሬን ስቀጥል «ሻንጣሽን አዘጋጅተሻል?» አለች፤ ይህን ስትል ወጡን ነው የምታየው።

«ምን አለኝና ነው። ሁለት ቲሸርትና አንድ የጋለ እጅ።»

ጭልፋው ቆመ። ግድግዳው ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አላት መሰለኝ። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ግን ሁለት ሹፌሮች መጥተው ሩዝ አዘዙ። ለእነሱ ከቀዳች በኋላ አንድ ሳህን ሞልታ፣ ሁለት ወጥና እንቁላል ጨምራ፣ ፊቴ አስቀመጠች። ሳህኑን አየሁት፣ እሷንም አየኋት። «ብዪ እንጂ፣ ባዶ ሆድሽን ባቡር ላይ ያዞርሻል» አለች። ጥላቻ አይደለም። አክስቴ ክፍሉ እንዳይዘጋ የሆነ ነገር ከቤት መውጣት አለበት ብላ ነው የምታስበው፤ ከቤቱ ዕቃ ደግሞ ቀላሉ እኔ ነኝ።

አባባ ሲመለሱ ሦስተኛው ፎቅ ሊደርሱ ሲሉ ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው። ጠርሙሱን ሸሚዛቸው ስር ይዘውታል፣ ተማሪ ሲጋራ እንደሚደብቅ። ሲያዩኝ «ትራስ ፈልጌ ነው» አሉ።

«ላይ ትራስ የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ጉልበቴን እያፍታታሁ ነው።»

መዳፌን ዘርግቼ ሥሩን አሳየኋቸው፣ አጠገቡ ሰሟንና የአበባዋን ቅጠል። ብዙ አዩት። ከዛ ጎንበስ ብለው አሸተቱት፣ እና ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ።

«ውሃው ነው። እርስዎ አይደሉም።»

«መነኩሴው ለማን ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ለልጄ ነው አልኳቸው።»

«ታዲያ ለምን እሱ ላይ አልረጩትም? እሱ እኮ ሥር የለውም፣ አይበሰብስም።»

«ምን ብዬ?» አሉኝ። እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ መልስ የሚፈልግ፤ እኔ ግን የሰው ቃል ማመላለስ እንጂ መፍጠር አልለመድኩም። ጎናቸው ተቀመጥኩ። ከታች ቃሪያው ይጠበሳል፣ ከላይ አረፋው ያወራል፣ እኛ በመካከል። በመጨረሻ ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ቱቦው ተበላሽቶ ነበር ብዬ ለአጎቴ እነግረዋለሁ፣ እርስዎ ዳግም አያፍስሱበት ብቻ፣ እኔ እንደሆነ በባቡሩ መሄዴ አይቀርም አልኳቸው። አባባ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ተደገፉኝና ተነሱ።  ወደ ክፍሉ ገብተው በሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ጠርሙሱን ጭናቸው ላይ አድርገው።

አጎቴ ሲመጣ መሸትሸት ብሎ ነበር፣ እኔም መካከለኛውን ረድፍ ጀምሬያለሁ። በሩን ሲከፍት ያየውን አስቡት፤ ባልዲዎቹ ተደፍተዋል፣ ጋንጃዎቹ ክዳናቸውን እንደ ባርኔጣ ገልብጠው እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፣ አባቱ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ እሱ እስከሚያውቀው ገብተውበት በማያውቁት፣ ተቀምጠዋል። ፊቱ ነጣ።

«ምን አደረግሽ?»

«ሥሩን አየሁት። በስብሷል፣ አጎቴ። ማግኒዥየም አይደለም፣ ብረትም አይደለም። የሩቁ ረድፍ ይድናል፣ የበሩን አላውቅም።»

ተንበርክኮ አንዷን ጨርቅ ፈታ፣ ሥሩን በጣቱ ሳበ፤ ቆዳው ወለቀ። ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን እየሰደበ እንደሆነ ከንፈሩ ላይ አነበብኩት። «ከምን መጣ?» አለ።

«ቱቦው» ብዬ ጀመርኩ። ቱቦው ከኋላዬ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ እንደ ደህና ምስክር።  

«እኔ ነኝ» አሉ አባባ።

በኔ በኩል አልነበረም። ለእሱ ነው ያሉት፣ ፊት ለፊት። አጎቴ ዞሮ አላያቸውም፤ መብራቱን ነው ያየው፣ ዓይን የሚያቃጥለውን።

«እንደ ያኔው?» አለ።

«አይደለም። ያኔ ፈርቼ ነው። እስር ቤት ያድነኛል ብዬ ነው… ያድንሃል ማለቴ ነው። አሁን ደግሞ…» ጠርሙሱን ከፍ አደረጉት። ውስጡ ጃስሚኖቹ በሮዙ ብርሃን ቀስ እያሉ ይሽከረከራሉ። «እንዲሰምርልህ ብዬ ነው።»

 ማራገቢያው ዞረ፣ ውሃው ተነፈሰ፣ ቅጠሎቹ ተንቀጠቀጡ። ሦስታችን ውሃ ስር ያለን፣ ፀጉራችን ወደ ላይ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። አጎቴ ጨርቁን በእጁ እንደያዘ «ፑይ፣ ለአባባ…» አለና አቆመ።  ተክሏን ብድግ አድርጎ ወደ በርጩማው ወሰዳት።

«ግንዷን ይያዙልኝ» አለ። «እንዳትወድቅ። የሞተውን ልቁረጥ።»

አባባ ጠርሙሱን መሬት አድርገው በሁለት እጃቸው ያዟት፣ የሚታጠብ ሕፃን እንደሚያዝ፣ ከብብቷ። አጎቴ ከስራቸው ተንበርክኮ በመቀስ ቡናማውን ይቆርጣል፣ እኔ አጥባለሁ፣ ባልዲው ውስጥ በረዶ አንሳፍፋለሁ። አንዱን ጨርሰን ሁለተኛውን። ቃል የለም፤ «ትንሽ ከፍ» ወይም «በቃ» ካልሆነ። ሦስተኛዋ ላይ አባባ ጠርሙሱን ከፍተው ጣታቸውን ነከሩና የአጎቴ ራስ ላይ አርከፈከፉት። አጎቴ ጎንበስ አለ። ሥሩን ለማየት ይሁን ለጸበሉ አላወቅኩም፣ አባባም የሚያውቁ አይመስለኝም። አንዲት የአበባ ቅጠል ጆሮው ላይ ተለጥፋ ቀረች፣ አላራገፋትም።

ከታች የአክስቴ ድምፅ በደረጃው ወጣ። «ናሮንግ፣ ባቡሩ ሊያመልጣት ነው እኮ።»

አጎቴ መቀሱን አላቆመም። አንድ ቡናማ ሥር ቆረጠ፣ ከስሩ ገና ያልሞተች፣ ፀጉር የምታክል ነጭ ክር አገኘ፣ እሷን ዘሎ የሚቀጥለውን ያዘ።

«ያምልጣት» አለ ጮክ ብሎ። ከዛ ለኔ ዝቅ አድርጎ፣ «የሩቁን ረድፍ ክፈቺ።»

ሄጄ ከፈትኩ።